ደንቆሮ ማን ነው? ከራያ ቆላ እስከ መካኒሳ

አማርኛችን ለሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ስም ሰጥቷል። ጆሮው የማይሰማውንም፣ ጆሮው እየሰማ ነገር የማይገባውንም «ደንቆሮ» ይላል። በዚህም አላበቃም፤ ከዚሁ ቃል «ድንቁርና» የሚል ስም አውጥቶ አለመማርን፣ አለማወቅን፣ ወደ ኋላ መቅረትን ሁሉ ጠቀለለበት። ግዕዝ መስማት የተሳነውን «ጽሙም»፣ መናገር የተሳነውን «በሃም» ይላል፤ ከቆቦ በስተሰሜን ያሉ ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም ከዚያው ሥር ወስደው «ጸማም» ይላሉ። እኛ ግን የጆሮን ነገር ከአእምሮ ጋር አሰርነው። ለመሆኑ ይህ ቋጠሮ ከየት መጣ? እውነትስ አለው? ታሪኩ ሲመረመር የሚገኘው መልስ የሚያሳፍረው የሚሰማውን ወገን ነው።

እኔ ያደግሁት በዞብል ተራራና በምዕራቡ ገደል መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ፣ በቆቦ ከተማ ነው። የራያ ሰው ኑሮ በድምፅ የቆመ ነው። የተጣላ በሽማግሌ ፊት ቃሉን ይሰጣል፤ ደም የፈሰሰበት በዘወልድ ፊት ይምላል፤ ልጅ ሲዳር በቃል ይመረቃል፤ ሰው ሲሞት በሙሾ ይለቀሳል። ጽሑፍ የገባው ዘግይቶ፣ ያውም ለጥቂቱ ሰው ነው። እንዲህ ባለ አገር የማይሰማ ሰው ከድምፁ ጋር ምስክርነቱንም፣ በጉባኤ የሚቀመጥበትን ቦታም ያጣል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነው። ለማይሰማው ሰው ግን ቀየው በሙሉ ባዳ ይሆንበታል።

እኔ ራሴ በግማሽ ከዚያ ወገን ነኝ። በልጅነቴ የግራ ጆሮዬ መግሎ ከርሞ ነበር። ቅቤ ተጨመረበት፤ የቅጠል ጭማቂ ጠብ ተደረገበት፤ ጸበልም ተወሰድሁ። መግሉ ቆመ፤ መስማቱም አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ስቀመጥ በግራዬ ግድግዳ እንዲሆን እመርጣለሁ። በመንገድ በግራዬ በኩል ሰላም ያለኝ ሰው አጸፋውን ሲያጣ «ኮርቷል» ብሎ ያልፋል። ሁለት ጊዜ «አቤት?» ያልሁት ሰው በሦስተኛው ይቆጣል፤ ወይም «ተወው፣ ግድ የለም» ይለኛል። ይህችን «ግድ የለም» መስማት የተሳነው ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ወሬው ሳይነገረው መቅረቱን የምታረዳው እርሷ ናትና። የአንድ ጆሮ ጉድለት ይህን ያህል ካስከተለ የሁለቱን መገመት አያዳግትም።

በሰፈራችን ሁለቱም ጆሮው የማይሰማ አንድ ጎልማሳ ነበር። ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል፤ በወንጭፍ የሚስተካከለው አልነበረም። ጎርፍ ሊመጣ ሲል ሌላው ከድምፁ የሚያውቀውን እርሱ ከተራራው ደመናና ከከብቱ ሁኔታ ቀድሞ ያውቀዋል። ገበያ ወጥቶ ከአፋሩም፣ ከትግርኛ ተናጋሪውም በጣቱ ተከራክሮ፣ ሸጦ ለውጦ ይመለሳል፤ የቆቦ ገበያ ብዙ ቋንቋ የሚገናኝበት በመሆኑ በእጅ መግባባት ለማንም እንግዳ አይደለም። ይህን ሰው ሰፈሩ የሚጠራው «ድዳው» እያለ ነበር። ቤቱ «የድዳው ቤት»፣ በሬው «የድዳው በሬ» ነው። ክርስትና ሲነሣ የወጣለትን ስም ከእናቱ በቀር የሚጠራው አልነበረም። እርሷ ስትሞት ስሙም አብሯት ተቀበረ። እርሱን ጠይቆ የተረዳ የለም፤ የምንጠይቅበት ቋንቋ አልነበረንምና።

ጆሮ የሚወስዱ ዘመናት

ሕዝቡ የመደንቆርን ምክንያት ሲጠየቅ እርግማን ነው፣ ዛር ነው፣ የእናት አባት ኃጢአት ነው ይላል። የሕክምናው ታሪክ ደግሞ ሌላ ይናገራል። በአፍሪቃ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ውስጥ ደረቅና አቧራማ ወራት በመጡ ቁጥር ይህ በሽታ ይነሣል። በአገራችን በ1973 ዓ.ም. ወደ 50 ሺህ፣ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ታመዋል። ከማጅራት ገትር ተርፈው ከሚነሡት መካከል እስከ አምስት አንድ ያህሉ ዘላቂ ጉዳት ይዞ ይነሣል፤ ከጉዳቶቹም ዋነኛው አለመስማት ነው። ለበሽታው ዋና ዓይነት የተሠራው ክትባት በኢትዮጵያ በዘመቻ መሰጠት የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የታመመው ትውልድ ግን ዛሬም አብሮን ይኖራል።

ኩፍኝም ጆሮ ይወስዳል። በ1977ቱ ረሃብ ከአላማጣ በላይ በኮረም መጠለያ ሕዝቡ ተፋፍጎ በሰፈረ ጊዜ ከረሃቡ ጋር ሕፃናቱን የጨረሰው ተላላፊ በሽታ ነበር። ቆላው የወባ አገር ነው፤ ለወባ የሚሰጠው ኪኒን ሲበዛ ጆሮ ያስጮኻል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲንም የጆሮን ነርቭ ይጎዳል። መድፍ ሲተኩሱ ኖረው ከግንባር የተመለሱ ወታደሮችም በየመንደሩ አሉ። እንግዲህ በራያ ሜዳ መስማት የተሳነው ሰው የእርግማን ልጅ ሳይሆን የወረርሽኝ፣ የረሃብ፣ የጦርነትና የጤና ጣቢያ ርቀት ልጅ ነው።

ሕጉና ዘመቻው

መንግሥትስ እንዴት አያቸው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 340 መስማትና መናገር የተሳናቸውን፣ ዓይነ ስውራንንና ሌሎች ዘላቂ ጉዳት ያለባቸውን ያነሣል፤ ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ ለአእምሮ ሕሙማን በተደነገገው ጥበቃ መጠቀም ይችላሉ ይላል። ሐሳቡ ከአታላይ ለመጠበቅ ነው፤ በጎ ነው። ሆኖም ሕጉ የማይሰማውን ሰው ሊያስጠጋበት ያገኘው ጥላ የአእምሮ ሕመም ጥላ ነበር። የቋንቋችን ቋጠሮ በሕግ መጽሐፋችንም ውስጥ እንደታሰረ እናያለን።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ድንቁርናን ለማጥፋት ተብሎ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የጡረታ ሰው ሳይቀር ተሰማራ፤ ትምህርቱም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ዘመቻው ለአገሪቱ ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ በዓለምም ተሸልሟል። ነገር ግን ከ15ቱ ቋንቋዎች መካከል የምልክት ቋንቋ አልነበረም። በስሙ ዘመቻ የታወጀበት «ደንቆሮ» ከጥላው ሥር ተቀምጦ ጎረቤቱ ፊደል ሲቆጥር ይመለከት ነበር።

ፊደል በእጅ ላይ

በዚያን ጊዜ ግን መንገዱ ተጀምሮ ነበር። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በከረን መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን በአዲስ አበባ የመካኒሳውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ጥቂት ቆይቶ አልፋ ተከተለ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ከፈተች። ከውጭ የመጣው ምልክት ልጆቹ ከየቤታቸው ይዘውት ከመጡት ጋር ተቀላቅሎ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አደገ። በ1963 ዓ.ም. ራሳቸው ተሰባስበው ብሔራዊ ማኅበራቸውን መሠረቱ።

በዚያው ዘመን ግድም የተደረገ አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። ፊደላችን በእጅ ላይ ወጣ። እያንዳንዱ የፊደል ዘር የራሱ የጣት ቅርጽ ተሰጠው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደው ድምፅ ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። ቅርጹ «በ» መሆኑን ሲነግር እንቅስቃሴው ቡ ወይም ቢ መሆኑን ይነግራል። የየኔታ ተማሪ በዜማ የሚቆጥረውን ሰባቱን ቤት መስማት የተሳነው ልጅ በዓይኑ ቆጠረው።

«ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ይላል ተረታችን። የሆነው ሌላ ነው። በእጁ የተነገረው ልጅ አንባቢ ሆነ፤ አድጎም እርሱን መሰል ልጆች የሚያስተምር መምህር ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ጆሯቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያስተምራቸው ቋንቋ መገኘቱ ነው። እንግዲያው ድንቁርናቸው ከጆሯቸው አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1880 በኢጣልያ ሚላኖ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ የመምህራን ጉባኤ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአፍ ንግግር ብቻ እንዲማሩ፣ ምልክት ከክፍል እንዲወጣ ወሰነ። ከ160 በላይ ከነበሩት ተሰብሳቢዎች መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። በየአገሩ ልጆች በእጃቸው በመናገራቸው እየተቀጡ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ የዚያ ጉባኤ ወራሾች መጸጸታቸውን የገለጹት በ2010 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር ላይ ነው። በአንጻሩ በአሜሪካ ማርታስ ቪንያርድ በምትባል ደሴት ያለ መስማት በዘር የሚወረስ ስለነበር የሚሰማውም የማይሰማውም በምልክት ይነጋገር ነበር። አጥማጁም፣ ገበሬውም፣ ባለሱቁም ያውቀዋል። በኋላ ሽማግሌዎቹ ስለ ቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ሲጠየቁ ማን ዓሣ አጥማጅ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ማን እንደማይሰማ ግን ማስታወስ ይቸግራቸው ነበር ይባላል።

የቀረው ዕዳ

ዛሬ በወረቀት ላይ ብዙ ተሠርቷል። በ2000 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚያስከብር አዋጅ ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋን እንደ ቋንቋ የሚያውቀውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጸደቀች። ከወረቀቱ እስከ ራያ መንደር ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ሲያምሳት የሚሰማው ሰው የተኩሱን አቅጣጫ በጆሮው ለይቶ ሸሸ። የማይሰማው ከየት በኩል እንደሚተኮስ የሚያውቀው ሌላው ሲሮጥ አይቶ ነው። «ቁም!» ተብሎ ቢጠራስ በምን ያውቃል? እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ በእጅ መነጋገር የሚችል አንድ ጎረቤት ነፍስ ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ቋንቋውን በሙሉ ማወቅ ዓመታት ይፈልጋል፤ የእጅ ፊደሉን ግን የገጠር መምህር በአንድ ክረምት ሊይዘው ይችላል። ጎረቤትም ሊማረው ይችላል። እስካሁን መስማት የተሳነውን ሰው አንሰማውም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን አልፈናል። ልንማር የሚገባንን እያወቅን ካልተማርን «ድንቁርና» የሚለው ቃል ባለቤቱን አላጣም፤ ቤቱን ብቻ ይለውጣል። ቢያንስ ግን ሰውየውን ስሙን እንጠይቀው፤ በጣቱ ሲጽፍልን የምናነብ እንሁን።