ፊት በቡጢ የማይመታበት ፍልሚያ

ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ውስጥ፣ ኒፖን ቡዶካን በተባለው አዳራሽ፣ አንድ ሰው ተዘርሮ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። የካራቴ ከባድ ሚዛን የፍጻሜ ግጥሚያ ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያው ታሬግ ሃሜዲ 4 ለ 1 እየመራ ሳለ የሰነዘረው ርግጫ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴህ አንገቱ ላይ አገኘው። ሰውየው ባለበት ወደቀ፤ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወጣ። ዳኞቹ ተመካከሩና ሃሜዲን ከልክ ያለፈ ኃይል ተጠቅመሃል ብለው ከግጥሚያው አስወጡት። ጋንጅዛዴህ ሲነቃ ሻምፒዮን መሆኑን ነገሩት።

በውሳኔው ያልተሳለቀ ተመልካች ጥቂት ነው። እኔ ግን በዳኞቹ አልፈርድም፤ በእጃቸው ያለው ሕግ የሚለው ይህንኑ ነበር። የሚገርመው ሌላ ነው። እዚያው አዳራሽ ውስጥ በ1987 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተካሄደ ሌላ የካራቴ ዓለም ሻምፒዮና ላይ ያንኑ ርግጫ የሰነዘረ ሰው ቢኖር፣ ዳኞቹ ባንዲራቸውን ሽቅብ አንሥተው ድሉን ያጸድቁለት ነበር። ልብሱ ያው ነጭ፣ ቀበቶው ያው ጥቁር፣ ስሙም ያው ካራቴ ነው። የተለየው ሕጉ ብቻ ነው።

ያ ሁለተኛው ካራቴ ኪዮኩሺን ይባላል። ደጋፊዎቹ “እውነተኛው ፍልሚያ” ይሉታል። ይህን አባባል ለመመዘን ግን ርግጫውን ከማየት ይልቅ የውድድር ሕጉን ማንበብ ይሻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ውድድር ከማይወዱ ሰው ነው። የኦኪናዋው መምህር ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 ካራቴን ለቶኪዮ ሕዝብ ካሳዩ በኋላ እዚያው ቀርተው አስተማሩ። ካራቴ የራስ መግሪያ ትምህርት እንጂ የአሸናፊና ተሸናፊ ጨዋታ አይደለም የሚል አቋማቸውን እስከ መጨረሻው አልለወጡም። ኤፕሪል 26 ቀን 1957 አረፉ። ዓመቱ ሳይሞላ፣ በኦክቶበር፣ የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሻምፒዮና አካሄደ። ሕጉ ቡጢውም ርግጫውም በሙሉ ፍጥነት ይሰነዘር፣ ገላ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ግን ይገታ ይላል። ዳኛው የሚፈርደው ባረፈው ምት ሳይሆን “ቢያርፍ ኖሮ” ብሎ በሚገምተው ነው። ሂሮካዙ ካናዛዋ እጁ ተሰብሮ እያለ ገብቶ ያሸነፈው በዚህ ውድድር ላይ ነበር። ጀግንነቱ የማይካድ ቢሆንም ነገሩ ስለ ሕጉም ይናገራል፤ ምቱ የሚገታ ባይሆን ኖሮ በአንድ እጅ እስከ ፍጻሜው መድረስ ዘበት ነው።

ይህን “ቢያርፍ ኖሮ” የሚባል ዳኝነት አጥብቀው የሚጠሉ አንድ ሰው ነበሩ። የኪዮኩሺን መሥራች ማሱታትሱ ኦያማ በ1923 በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ኮሪያ ተወለዱ፤ የልደት ስማቸው ቾይ ዮንግ-ኡይ ነው። በወጣትነታቸው ጃፓን ገብተው መጀመሪያ በፉናኮሺ ዘንድ፣ ቀጥሎም ጎጁ-ሪዩ በተባለው ስልት ሠለጠኑ። ከኮርማ ጋር በባዶ እጅ መታገላቸው በፊልም ተቀርጿል። የኮርማዎቹን ቁጥር ለአድናቂዎቻቸው ልተውላቸው፤ ሲወራ እየበዛ የሚሄድ ቁጥር ነው። በ1950ዎቹ ቶኪዮ ውስጥ በከፈቱት ዶጆ (የማሠልጠኛ አዳራሽ) ልምምዱ ልጓም አልነበረውም። በክፍት መዳፍ ፊት ይመታል፣ ይጣላል፣ ይያዛል፣ ብልትም አይማርም። ከዚያ ክፍል ጥርሱን ይዞ የወጣ ሰው ዕድለኛ ነው።

በ1964 ኢኬቡኩሮ በተባለው ሠፈር ዋና መሥሪያ ቤታቸው ተመረቀ። በሴፕቴምበር 1969 ደግሞ በቶኪዮ ከተማ ጂምናዚየም የመጀመሪያውን ሁሉን አቀፍ የጃፓን ሻምፒዮና ጠሩ። የየትኛውም ስልት ተፋላሚ መግባት ይችላል፤ ጓንት የለም፣ የደረት መከላከያ የለም፣ ምቱም በሙሉ ኃይል ያርፋል። አንድ ነገር ግን ተከለከለ። እጅም ሆነ ክርን ፊት ላይ እንዳያርፍ። ቴሩቶሞ ያማዛኪ አሸነፈ፤ ኪዮኩሺንም ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክልከላ ውስጥ ይኖራል።

ለምን ተከለከለ? ምክንያቱን መገመት አይከብድም። በባዶ እጅ ፊት ሲመታ የመቺውም የጣት አጥንት የተመቺውም አፍንጫ አይተርፍም። አንድ ሰው ሻምፒዮን ለመሆን በሁለት ቀን ውስጥ ደጋግሞ መፋለም ባለበት ውድድር ላይ ይህ ከተፈቀደ ለፍጻሜ የሚቆም አይገኝም። ጓንት ይደረግ ቢባል ደግሞ ነገሩ ቦክስ ይሆናል፤ ኦያማ ይህን አልፈለጉም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ባዶውን እጅ መረጡ፣ ፊትን ተዉ። ስለዚህ የ“እውነተኛው ፍልሚያ” መሠረት ራሱ ከተፈጥሮ ያልመጣ፣ ሰው አስቦ ያሰመረው መስመር ነው። ይህን ስል ማቃለሌ አይደለም። ያለ መስመር የተካሄደ ግጥሚያ የትም የለም።

አሁን ምንጣፉ ዳር እንቁም። ዳኞቹ አምስት ናቸው። አንዱ መሃል ላይ ከተፋላሚዎቹ ጋር ይዞራል፤ አራቱ በአራቱ ማዕዘን ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ቀይ በሌላው ነጭ ባንዲራ፣ በአፋቸው ፊሽካ ይይዛሉ። ባንዲራው ሽቅብ ሲነሣ ኢፖን ነው፣ ሙሉ ድል። ወደ ጎን ሲዘረጋ ዋዛ-አሪ፣ ግማሽ ማለት ነው። ወደ ታች ከተወዛወዘ አልተቆጠረም። ከአምስቱ ሦስቱ ካልተስማሙ ውሳኔ የለም። የተመታው ሰው ወድቆ ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም ቆሞም ቢሆን መፋለሙን ከተወ፣ ግጥሚያው በኢፖን ያበቃል። 3 ሰከንድ ሳይሞላ ተነሥቶ መቀጠል ከቻለ በዋዛ-አሪ ይታለፋል፤ ሁለት ዋዛ-አሪ ግን ተደምሮ ኢፖን ይሆናል። በነጥብ ለቀማ እየመሩ ማምለጥ የሚባል ነገር የለም።

ክልከላዎቹ ከፊት ቡጢ ሌላ ብዙ አይደሉም። ብልት መምታት፣ በጭንቅላት መግጨት፣ ልብስ ይዞ መጎተት፣ የጉልበትን መገጣጠሚያ ከፊት መርገጥ፣ የወደቀን መምታት አይፈቀድም። ጥፋቱ ሲደጋገም ማስጠንቀቂያው ወደ ቅጣት፣ ቅጣቱ ወደ መባረር ያድጋል። ጭን በአገዳ መምታት፣ በጉልበት ሆድ መምታት፣ ጭንቅላትን በእግር መምታት ሁሉም ተፈቅዷል። እጅ የተከለከለውን እግር ይሠራዋል።

በጣም የሚጥመኝ ግን የአቻ ውጤት አፈታቱ ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ 3 ደቂቃ ነው። አሸናፊ ካልተለየ 2 ደቂቃ ይጨመራል፣ እንደገናም ይጨመራል። አሁንም ካልተለየ ሁለቱም ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የክብደት ገደብ በሌለው ሻምፒዮና ልዩነታቸው ከተወሰነው በላይ ከሆነ ቀለል ያለው ያሸንፋል፤ በብዙ ውድድሮች የሚሠራበት ልዩነት 10 ኪሎ ነው። ትንሹ ሰው ከግዙፉ እኩል ከቆመ የበለጠ ሠርቷል ማለት ነው፤ ፍትሐዊ ፍርድ ይመስለኛል። ኬንጂ ሚዶሪ በ1991 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ቁመቱ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቱም ወደ 70 ኪሎ ገደማ ነበር። ከሱ በፊት ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ማኮቶ ናካሙራ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር።

ሚዛኑም ካልለያቸው ሳንቃው ይፈርዳል። በትልልቅ ሻምፒዮናዎች እያንዳንዱ ተፋላሚ በውድድሩ መካከል ሳንቃ የመስበር ፈተና ይፈተናል፤ በቡጢ፣ በእግር ጠርዝ፣ በክርን፣ በእጅ ጠርዝ። ስንት ሳንቃ እንደሚደረደርለት የሚመርጠው ራሱ ነው። ከደረደረው አንዱ ሳይሰበር ከቀረ ግን ሙከራው አይቆጠርለትም። ስለዚህ ሰውየው ገና አቻ ይውጣ አይውጣ ሳያውቅ፣ በተላላጠ እጁ፣ “አንድ ልጨምር ወይስ ይበቃኛል” ብሎ መወሰን አለበት። የሰበረው ድምር ተመዝግቦ ይቀመጥና በኋላ አቻ ሲመጣ ይመዘዛል። ትርኢት የሚመስለው ነገር ለካ የዳኝነት መዝገብ ነው። የሳንቃው ፈተና በቀረባቸው ውድድሮች ላይ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለኛል።

የዓለም ሻምፒዮናው በ1975 ሲጀመር የወርቁ ባለቤት ካትሱአኪ ሳቶ ሆነ፤ እሱን የተከተሉትም ጃፓናውያን ነበሩ። እስከ 1999፣ የብራዚሉ ፍራንሲስኮ ፊልዮ እስኪያሸንፍ ድረስ፣ ዋንጫው ከጃፓን እጅ አልወጣም። ዳኝነቱ ለአገር ልጅ ያዳላል የሚል ሐሜትም አልጠፋም፤ ውሳኔ በባንዲራ በሚሰጥበት ቤት ሐሜት መቼም አይቀርም። ከሁሉም ይልቅ የሚነሣው ክርክር ግን የሁለት የውጭ ሰዎች ነው።

በ1987 የስዊዘርላንዱ አንዲ ሁግ ጃፓናዊ ያልሆነ የመጀመሪያው የፍጻሜ ተፋላሚ ሆኖ በአኪዮሺ ማትሱይ ተሸነፈ። እግሩን ከራሱ በላይ አንሥቶ ተረከዙን እንደ መጥረቢያ በተቃራኒው ጭንቅላት ላይ የሚያወርድ ሰው ነበር። በ1991 ያኔ ብዙም ከማይታወቀው ፊልዮ ጋር ተገናኙ። የሰዓቱ ማብቂያ ምልክት ሲሰማ ሁግ እጁን አወረደ፤ በዚያችው ቅጽበት የፊልዮ እግር ጭንቅላቱን አገኘውና ተዘረረ። የስዊዘርላንድ ወገን አቤት አለ። ኦያማ ግን ድሉን ለፊልዮ አጸደቁ፤ ርግጫው ከምልክቱ ጋር እኩል ተነሥቷል፣ ተፋላሚም መዘናጋት የለበትም በሚል። እኔ ዳኛ ብሆን ምቱን አልቆጥረውም ነበር። ምልክት የሚሰጠው ሰው እንዲያምነው ነው። ሆኖም ውሳኔው ኪዮኩሺን ራሱን እንዴት እንደሚያይ ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል።

ሕጉ ደግሞ በተራው ሰው ሠራ። ፊቱ በቡጢ እንደማይመታ የሚያውቅ ተፋላሚ ይጠጋል፤ ደረት ለደረት ገጥሞ ጎንና ሆድ ይወቅጣል፣ ጭን ይገዘግዛል፣ ከዚያ ርቀት ላይ ጉልበቱን አጥፎ ድንገት ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ርግጫ ይፈጥራል። ብራዚላውያኑ በዚህ ተክነዋል። በሌላ በኩል እጁን ወደ አገጩ የመመለስ ልማድ ይላላበታል። ይህን ጉድለት መጀመሪያ የተናገሩት ጠላቶች ሳይሆኑ የቤቱ ልጆች ናቸው። በ1977 የጃፓን ሻምፒዮን የነበረው ታካሺ አዙማ በ1981 ወጥቶ ተፋላሚው የፊት ጭምብል ያለው ቆብ የሚያደርግበት፣ ቡጢም መጣልም የሚፈቀድበት የራሱን ስልት መሠረተ። ሌሎችም ተከተሉት።

ሁግ ራሱ ዋጋውን ከፍሏል። ጓንት አጥልቆ ኬ-ዋን ወደተባለው የኪክቦክሲንግ ውድድር ሲገባ በ1994 ፓትሪክ ስሚዝ በ19 ሰከንድ በቡጢ ጣለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የዚያው ውድድር ሻምፒዮን ሆነ፤ በፍጻሜው ማይክ በርናርዶን የጣለው ዞሮ ጭኑ ላይ ባሳረፈው ርግጫ ነው። ጭንን ማፍረስ የተማረው በኪዮኩሺን ነው። በኦገስት 2000 በ35 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ።

ቪዲዮ ቤት ያደገ አንባቢ ሳያውቀው ከዚህ ቤት ሰው ጋር ተዋውቋል። በ“ሮኪ 4” ሩሲያዊውን ኢቫን ድራጎን ሆኖ የተወነው ስዊድናዊው ዶልፍ ሉንድግሬን በ1980 እና በ1981 የአውሮፓ የኪዮኩሺን ሻምፒዮን ነበር። ፊልሙ ላይ የሚደነቅለት ቡጢው ነው፤ ሻምፒዮን በሆነበት ውድድር ላይ ያን ቡጢ አንዱን እንኳ ፊት ላይ ቢያሳርፍ ይቀጣ ነበር።

ኦያማ በ1994 አረፉ፤ ቀኑ እንደ ፉናኮሺ ሁሉ ኤፕሪል 26 ነው። ድርጅቱ ወዲያው ተከፋፈለ። ማትሱይ አንዱን፣ ሚዶሪም በኋላ ሌላውን መሩ፤ ሌሎችም በየፊናቸው ሄዱ። ዛሬ በአንድ ዘመን ከአንድ በላይ የኪዮኩሺን የዓለም ሻምፒዮን አለ። የጭማሪ ሰዓቱ፣ የክብደት ልዩነቱ፣ የሳንቃው ነገር ከቤት ቤት ይለያል። ታዳጊዎች የራስ ቆብና መከላከያ ያደርጋሉ። ትልልቆቹ ቤቶች ያልነኩት አንድ አንቀጽ ቢኖር የ1969ኙን የፊት ክልከላ ነው።

የኪዮኩሺን ግጥሚያ በዩቲዩብ ከፍታችሁ የምታዩ ከሆነ እንግዲህ ዓይናችሁን ከእጃቸው ላይ አንሡና ጭናቸው ላይ አድርጉ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የፊት እግሩን መሬት ላይ ለማሳረፍ የሚፈራውን ለዩት። ብዙውን ጊዜ ባንዲራው የሚነሣው ለሌላኛው ነው።