የጸሎተ ሐሙስ ውሃ

እ.ኤ.አ. በ1570ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በግሪኒች ቤተ መንግሥታቸው ተንበርክከው የ39 ድኻ ሴቶችን እግር አጠቡ። ቁጥሩ በንግሥቲቱ ዕድሜ ልክ የተወሰነ ነው። ንግሥቲቱ ከመድረሳቸው በፊት ግን የሴቶቹ እግር ሦስት ጊዜ ታጥቧል፤ መጀመሪያ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሹም፣ ቀጥሎ በሁለት የምጽዋት ሹማምንት። ለንግሥቲቱ የቀረበላቸው የጠራ እግር ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአገሩ ነገሥታት እግር ማጠቡን ጨርሰው ተዉት፤ ዛሬ በዕለቱ ለአረጋውያን ሳንቲም ያድላሉ።

ሥርዓቱ የመጣው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው። በዚያ ዘመን ነጠላ ጫማ አድርጎ አቧራ ሲረግጥ የዋለ ሰው እግሩን የሚያጥብለት ባሪያ ነበር። ጌታ ኢየሱስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ ጨርቅ ታጥቆ ዝቅ ሲል ጴጥሮስ እንቢ ያለውም ስለዚህ ነው።

አብያተ ክርስቲያናት እርስ በርስ እግር የመተጣጠብን ትእዛዝ እኩል አልያዙትም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ የአዲስ ተጠማቂዎችን እግር ሲያጥብ፣ ሮም ይህ ልማድ አልነበራትም። በ694 በስፔን ቶሌዶ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ደግሞ ነገሩ ችላ መባሉን አይተው በጸሎተ ሐሙስ እንዲፈጸም አዘዙ።

ከሁሉም የሚልቀው ግን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ቤኔዲክት ለመነኮሳቱ የጻፈው ሥርዓት ነው። በወጥ ቤት ሳምንቱን ያገለገለ መነኩሴ ተራውን ሲያስረክብ፣ ከተረካቢው ጋር ሆኖ የማኅበሩን ሁሉ እግር ያጥባል። እንግዳ ሲመጣ አበ ምኔቱ ራሱ ከማኅበሩ ጋር ያጥበዋል፤ ድኻና መንገደኛ ደግሞ ይበልጥ እንዲከበሩ ታዟል። እዚህ ቀድሞ የሚያጸዳ ሹም የለም፤ የመንገዱ ጭቃ እንዳለ ይመጣል። የዓመት በዓል መሆኑ ቀርቶ የየሳምንቱ ሥራ ሲሆን፣ ትሕትና የሚለመደው እንዲህ ነው።

የኢትዮጵያ ገጠር ይህን ያውቀዋል። “የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ” ብሎ ደጅ ለቆመ ሰው ውሃ ይሞቅለታል፤ እግሩ ታጥቦ ጣቱ ይሳማል። አጣቢዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች፣ ልጆችና አሽከሮች ነበሩ፤ አባወራው እግሩን ይዘረጋል እንጂ አያጎነብስም። በጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ጳጳሱ ወይም ቄሱ፣ ሌላ ቀን ሕዝቡ መስቀሉን የሚሳለመው አባት፣ ዝቅ ብሎ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባል።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዕለቱ የሚታጠቡት ወንዶች ብቻ እንዲሆኑ ሕጉ ያዝ ነበር። መጋቢት 2013 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ፣ በተመረጡ በሁለት ሳምንታቸው፣ ሮም ወደሚገኝ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ቤት ሄደው የ12 እስረኞችን እግር አጥበው ሳሙ። ከመካከላቸው ሁለት ሴቶችና ሙስሊሞች ነበሩ። ሥርዓት ተጣሰ ብለው የተቆጡ ነበሩ። በጥር 2016 ቫቲካን ሴቶችም ከሚታጠቡት መካከል እንዲሆኑ የሚፈቅድ ድንጋጌ አወጣች።