ግቢና ሜዳ

ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ «ግቢ ገባሁ» ይላል። ጓደኛውንም «አንተስ የት ግቢ ደረሰህ?» ብሎ ይጠይቃል። «ካምፓስ» የምንለውም ያንኑ ቦታ ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ወንድማማች አይደሉም። ካምፓስ በላቲን ሜዳ ማለት ነው። ቃሉ ለትምህርት ቤት ቅጥር ሲውል መጀመሪያ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1774 በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ነው፤ ዛሬ ፕሪንስተን ከምንለው የአሜሪካ ኮሌጅ። ኮሌጁ ፊት ለፊቱ ሜዳ ነበር፣ ሜዳ አሉት፣ አለቀ። የእኛ «ግቢ» ግን ሌላ ታሪክ አለው። ድሮ ግቢ ብቻውን ሲጠራ የንጉሥ ቤት ማለት ነበር። «ግቢ ሄደ» የተባለ ሰው እጅ ሊነሳ፣ አቤት ሊል ወይም ግብር ሊበላ የሄደ ሰው ነው። ግቢ አጥር አለው፣ በር አለው፣ በረኛ አለው። በረኛው ደግሞ «ወዴት ነው?» ከማለቱ በፊት «ማንን ፈልገህ ነው?» ይላል።

ይህን ያነሳሁት ለቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም (ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ከዚህ አመል ቶሎ አይላቀቅም)። በአንጋፋው ዩኒቨርሲቲያችን ነገሩ ቃል በቃል እውነት ስለሆነ ነው። ስድስት ኪሎ የንጉሥ ግቢ ነበር።

የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተሠራው ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን የሰበሰበውም እዚሁ ቅጥር ውስጥ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩ ጣሊያኖቹ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ለምጽዋት የመጣው ሰው ግቢውን አያውቀውም፤ ከዚያ በፊት ያስገባውም የለም። በየት እንደሚወጣ ሳያውቅ እዚያው አለቀ። ጭፍጨፋው ከዚያ ወደ ከተማው ወጣ። በአደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የዚያ ቀን መታሰቢያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የጀመረው ከአጥሩ ውስጥ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ኖሩበት። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በአረንጓዴው ሳሎን የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች ሲገደሉ ግን ቤቱን ተዉት። በታኅሣሥ 1954 ቤተ መንግሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ኪሎ ሲያስተምር የቆየው ኮሌጅና ሌሎቹም ኮሌጆች በዚሁ ስም ሥር ገቡ። ዛሬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ አሉ፤ የጃንሆይ መኝታ ቤትም እንዳለ ይጎበኛል።

እንግዲህ ቤተ መንግሥት ማንም መንገደኛ እንደልቡ እንዲዘዋወርበት ታስቦ አይሠራም። አንድ ዋና በር፣ ከበሩ እስከ አዳራሹ የክብር መንገድ፣ የቀረው ሁሉ ለውስጥ አዋቂ ነው። ከዚያ በኋላ የተጨመሩት የመማሪያ ሕንፃዎች በተገኘው ክፍት ቦታ ላይ ገቡ፤ ስማቸውንም ያወጣላቸው ተራው አጠራር ነው። «ኦሲአር» አሮጌው መማሪያ፣ «ኤንሲአር» አዲሱ መማሪያ ማለት ነው። «አዲሱ» ካረጀ ስንት ዓመቱ! ግን ማንም አይሳሳትም። ኬኔዲ ላይብረሪ፣ ክሪስማስ ሆል፣ ኪሲንግ ፑል እያለ ተማሪው ግቢውን በጭንቅላቱ ይይዘዋል። ኪሲንግ ፑልን በይፋ ካርታ ላይ የሚያሰፍር ደፋር አስተዳደር ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ቀጠሮ ሲሰጥ የኖረው በእሱ እንጂ በቢሮ ቁጥር አይደለም።

ይህ በሰውና በምልክት መንገድ የመያዝ ልማዳችን ዕድሜው ረጅም ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ሲቆይ፣ የአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ድንኳኑ ሁሉ በየደረሰበት በአንድ ሥርዓት እንደሚተከል አይቶ ጽፏል። ከተማው በየጊዜው ይነሳል፣ ካርታው ግን አይነሳም፤ የንጉሡ ድንኳን ከታየ ሁሉም የራሱን ስፍራ ያውቃል። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች ያልናቸው ማዕረጎች መጀመሪያ የቦታ ስሞች ናቸው፦ ፊት፣ ቀኝ፣ ግራ። አዲስ አበባም ስትቆረቆር ይኼንኑ ወረሰች። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን የሞቱ ሰዎችን ቤት እየጠየቅን እንኖራለን። መንገዱ ጥሩ ነው፣ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የሚሠራው ለአገሬው ነው። እንግዳው ሁልጊዜ ጠያቂ፣ ሁልጊዜ ለማኝ ነው።

አዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመጡ ይህ ይቀየራል ብለን ነበር። ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ፤ አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ቤተ መንግሥት አልወረሱም፤ ብዙዎቹ የተሠሩት በሜዳ ላይ ነው፣ በእውነተኛው «ካምፓስ» ላይ። ታዲያ ምን ሆነ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፈተና ወደ አንዱ ተጋብዤ ሄድኩ (ስሙ ይቅር)። ቀኑ የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ቀን ነው። በር ላይ አንድ ገበሬ አባት ፍራሽ ተሸክመው፣ ልጃቸው ሻንጣ ይዛ ጥበቃውን ያነጋግራሉ።

«ልጄ፣ የልጆች መመዝገቢያው በየት ነው?»

«አባባ፣ ብሎክ 24 ይሂዱ።»

«እሱ ከማን ቤት አጠገብ ነው?»

ጥበቃው ሳቀ። አባትየው ግን የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። ብሎኮቹ ቁጥር የወጣላቸው በተሠሩበት ቅደም ተከተል ነውና 24 ያለው ከ7 ጎን ነው፤ ከ23 እስከ 24 ለመድረስ ግቢውን ማቋረጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ለኮንትራክተሩና ለክፍያ ሰነዱ ትርጉም አለው፤ ለሚሄድበት ሰው ምንም አይነግርም። እኔም እንግዳ ነኝና አብሬያቸው ዞርኩ። ብሎክ 24ን ስናገኘው ሦስቱ በሮች ተቆልፈዋል፤ አራተኛው በጀርባ በኩል ነው። እሱ ጋ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኖ መዝጋቢዎቹ ለምሳ ወጥተዋል። ስምንት ሰዓት ተመለሱ ተባለ። የአባትየው አውቶቡስ የሚነሳው ሰባት ተኩል ላይ ነው። ልጅቷ «ሂድ አባዬ፣ ያመልጥሃል» አለች። ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሄዱ። ልጃቸው የት እንደምታድር፣ ዶርሟ በየት በኩል እንደሆነ ሳያዩ ነው የሄዱት። ለአንድ ወላጅ ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም።

ካርታ ቢኖር ይረዳቸው ነበር? እንደ ካርታው ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው የግቢ ካርታ የመሐንዲሱ ፕላን ነው፤ ሕንፃዎቹ በትክክለኛ ልክ ተስለው፣ ጎን ላይ የ40 ቢሮ ስም በደቃቅ ፊደል ተደርድሮ። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣውን የለንደን የምድር ባቡር ካርታ የነደፈው ሃሪ ቤክ የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ ነበር። ርቀቱን ትቶ፣ ጠመዝማዛውን አቃንቶ፣ ተሳፋሪው የሚፈልገውን ብቻ አስቀረ፦ የት ልሳፈር፣ የት ልቀይር፣ የት ልውረድ። በልክ ሲመዘን የተሳሳተ ካርታ ነው፤ ሰው ግን አልጠፋበትም። ኬቨን ሊንች ደግሞ «የከተማ ገጽታ» ልንለው በምንችለው እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው መጽሐፉ፣ የቦስተንን፣ የጀርሲ ሲቲንና የሎስ አንጀለስን ነዋሪዎች ከተማቸውን በቃላቸው እንዲስሉ ጠይቆ፣ ሰው በአእምሮው የሚይዘው መንገዶችን፣ ጠርዞችን፣ ሰፈሮችን፣ መገናኛዎችንና ጎልተው የሚታዩ ምልክቶችን መሆኑን አሳየ። «ከማን ቤት አጠገብ ነው?» ያሉት አባት ሊንችን አላነበቡም።

በዚያ ግቢ ከየትኛውም ቦታ የሚታይ ትልቅ የውኃ ታንከር ነበር። ካርታ ሠሪው እሱን ከሁሉም አግዝፎ ይሳለው። ቁልፍ የሌለበትን በር ያመልክት፤ ሕንፃውን ማሳየት ግማሽ ሥራ ነው፣ ስልካችን ላይ ያለው ካርታም እስከ ሕንፃው አድርሶን በሩ ላይ ይተወናል። በር ላይ የሚሰቀለው ደግሞ ቆሞ የሚያየው ሰው ፊቱን ወዳዞረበት አቅጣጫ ይዙር እንጂ ሰሜን ወደ ላይ ነው ተብሎ አይገልበጥበት። ደረጃ የማይወጣ ሰው በየት እንደሚሄድ፣ ክሊኒኩ፣ ሽንት ቤቱ፣ የሴቶች ዶርም ይታይ። ተማሪው ሣሩን ረግጦ ያወጣው አቋራጭ ካለም ይሳል፤ «ሣሩን አትርገጡ» የሚለውን ሰሌዳ ከመትከል አቋራጩን ድንጋይ ማንጠፍ ይቀላል።

ስድስት ኪሎን የሚስል ሰው ግን ከዚህ የከበደ ሥራ አለበት። ሜዳም ቢሆን የሚደብቀው አለው። ቶማስ ጄፈርሰን የነደፈው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ መሐሉ ሰፊ ሣር፣ በግራና በቀኝ የመምህራን ቤቶች፣ በራሱ ላይ ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ ያለ ካርታ የሚነበብ ቦታ ነው ይባላል። ያንን የሠሩትና ያገለገሉበት ባሮች ግን ከእይታ ጀርባ ነበር የሚኖሩት፤ መታሰቢያ የቆመላቸው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ግቢም በምዝገባ ቀን የማይጠየቁ ቦታዎች አሉት። የጥላሁን ግዛው አስከሬን የመጣው እዚያ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ አፍንጮ በር አካባቢ ተመትቶ በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ከበው ሳሉ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ።

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ደግሞ ያ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ያለው፣ ወደ ላይ ተጠማዝዞ ወጥቶ ባዶ አየር ላይ የሚያበቃ። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አዲስ ተማሪ ሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ቢሮ አይደለም፣ ክፍል አይደለም፣ ወደ የትም አያደርስም፤ ስለዚህ ከካርታ ለማውጣት በጣም ይቀላል። ካርታ ሠሪው ግን ይሳለው፤ ቀኑንም፣ የካቲት 12 ቀን 1929ን፣ አጠገቡ ይጻፍ። ቦታ ካነሰው ከቢሮዎቹ ስም አንዱን ይሰርዝ።