ከ«ርስት» ወደ «ይዞታ»፦ የመሬት አዋጆችና የባለመሬቱ ስያሜ፣ 1967–1997 ዓ.ም.

በሰሜን ኢትዮጵያ የቀድሞ ሥርዓት «ባለርስት» የሚባለው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ዘሩን ቆጥሮ ከዋናው አባት መሬት ድርሻውን የሚጠይቅ ሰው ነበር። «ርስት» «ወረሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ብሂልም መብቱ በዘመን ብዛት እንደማይሻር ይናገራል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥንና መለወጥን ከለከለ። ጭሰኛው ከባላባቱ ግዴታ ነጻ ወጣ፤ ባለመሬቱ ግን ለተወሰደበት መሬት ካሳ አልተከፈለውም። በርስት አገር ያለው ገበሬ የሚያርሰውን ይዞ ቢቀጥልም፣ ዘር ቆጥሮ ሌላ መሬት መጠየቁ ቀረ። «ወረሰ» ከአባት መቀበልን ብቻ ሳይሆን በመንግሥት መነጠቅንም የሚገልጽ ግስ ነውና፣ ርስትን ያስገኘው ቃል የርስትን ማክተሚያም ለመናገር በቃ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ በመተው ለገበሬው በነጻ የማግኘትና ካለአግባብ ያለመነቀል መብት ሰጠ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ይህን መብት ከመሬት እንክብካቤ ጋር አቆራኘው። ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት እርሻና ልቅ ግጦሽ ተከለከለበት፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ እንዲውል ተደነገገ። ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት ዓመታዊ ሰብል ማምረት የሚፈቀደው እርከን ከተሠራ ብቻ ሆነ። መሬቱን ሳይንከባከብ ያስጎዳ ሰው የመጠቀም መብቱን ሊያጣ እንደሚችልም ተጻፈ። ማሳው ዳገት ላይ ለሆነ ገበሬ ይህ ማለት ጉልበቱን ለእርከን ማዋል፣ አለዚያም እህል የሚያበቅልበትን ቦታ ለዛፍ መልቀቅ ነው።

«ይዞታ» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንድም የተያዘ ነገር፣ አንድም «የጤና ይዞታ» እንደምንለው ያለ ሁኔታ። በ1997ቱ አዋጅ ሁለቱ ፍቺዎች ተገናኙ፤ የገበሬው ይዞታ በመሬቱ ይዞታ ላይ ተመሠረተ። ባለርስቱ መብቱን በአያቶቹ ስም ያስረዳ ነበር። ባለይዞታው የሚያስረዳው በአፈሩ ነው።