ቆርኬና በሬ

ክፉ ቀን ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ሰውንና በሬን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩ በረሃብ ሲያልቅ፣ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ (ስም አወጣጡ ራሱ ሹፈት ይመስላል) ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ፈጀ ይባላል። ገበሬው የሚጠምደው አጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ዶማ ጨብጠው እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ይኼንን ከአያቶቻችንም ሰምተናል፣ ከመጻሕፍትም አንብበናል። እምብዛም የማይወሳው ግን በሽታው በበረት ብቻ አለመወሰኑ ነው። ሜዳ ላይ የሚግጠውን የዱር እንስሳም አጨደው። ከታጨዱት አንዱ ቆርኬ ነው።

ቆርኬን ላላየ ሰው ልንገር። ፊቱ ረዘም ያለ፣ ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ፣ ቆዳው ቡናማ፤ ወንዱም ሴቷም ቀንዳም ናቸው። የሚኖረው በሳር ነው፤ ገላጣ ሜዳ ካላገኘ አይሆንለትም። የኛው ዓይነት በዓለም የሚታወቀው «የስዌይን ቆርኬ» ተብሎ ነው። ስዌይን በሶማሌ ምድር እየተዘዋወረ ያድን የነበረ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው፤ በሜዳው ላይ ቆርኬ በመቶዎች ተሰብስቦ ማየቱን ጽፏል። ሳይንቲስቶች በስሙ የጠሩለት በ1892 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ የክፉ ቀን ማብቂያ ነው። እንስሳው መዝገብ ላይ ሲሰፍር ሜዳ ላይ እያለቀ ነበር። ከበሽታው የተረፈውን ደግሞ ጠመንጃ ተቀበለው። ከሶማሊያ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ በ1960ዎቹ፣ ከሻሸመኔ በአጄ በኩል በሚያስኬደው አቅጣጫ ሰንቀሌ ላይ መጠለያ ተከለለለት። በዚያን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ቆርኬ ነበረበት። እንዲያውም ተርፎ በ1966 ዓ.ም. ግድም እየተያዘ ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ፓርኮች ተወሰደ። አዋሽ ላይ ዘር አልተከለም፤ ነጭ ሳርም ቢሆን እየመነመነ ሄደ።

ከዚያ 1983 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ሲወድቅ ጠባቂ ጠፋ፤ ከብት ገባ፣ ሰው ሰፈረ፣ ጥይት ተተኮሰ። በሺዎች የነበረው መንጋ ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። በዚህ ጊዜ የአካባቢውን ሰው መራገም ቀላል ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ሲራገም ሰምቼያለሁ። እኔ ግን አልራገምም። አርሲ ከብት አርቢ ነው። የግጦሽ መሬቱ ሲከለል ማን አማከረው? በእሱ ዓይን መጠለያው የመንግሥት ነበር፤ መንግሥት ሲሄድ ባለቤት አልባ ሆነ። ይህን ስል ግን ቆርኬው ሌላ መሄጃ እንደሌለውም አልዘነጋሁም። የሰንቀሌ መጠለያ ዛሬ 60 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዙሪያው እርሻና መንደር ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ ነው። የደስታ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ክትባቱ ለከብቱ ተብሎ ቢሆንም ቆርኬም በነፃ ዳነ። ለቆርኬ ከተዋሉት ውለታዎች ትልቁን ማንም ለቆርኬ ብሎ አላደረገውም! ግን ከብቱም በዚያው ልክ ተረፈና ሳር ፈለገ። ያኔ ባንድ በሽታ የሞቱት ሁለቱ አሁን ባንድ ሳር ተፋጠዋል።

የሰንቀሌ መንጋ ከዚያ ወዲህ አንሰራርቷል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በጋሞና ጎፋ ምድር የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ እዚያም ቆርኬ አለ። ዋናዎቹ መንጋዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ በመካከላቸው ተራራ፣ ከተማና ማሳ ተዘርግቷል። በእግሩ ሄዶ ሊገናኝ የሚችል አንድም ቆርኬ የለም። ሰንቀሌ ላይ በጋው ሲጠነክር፣ ውጭ ያለው ሳር ሲያልቅ፣ እረኛው ከብቱን ይዞ ወሰኑ ላይ ይቆማል፤ ጠባቂውም በወዲያ በኩል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የዚያው አገር ልጆች ናቸው፣ በስም ይጠራራሉ።