ሲጎትቱት የሚለቅ ነገር ምን ይባላል?

አማኑኤል ከተማ ያለችው አክስቴ የሳሎኗን የጨርቅ መጋረጃ አውርዳ በጥቅልል መጋረጃ ተካችው። ትንሿ ልጇ ከዱባይ ስትመለስ በካርቶን ጠቅልላ ያመጣችላት ነው። አዲስ አበባ ነጋዴዎቹ «ዜብራ» የሚሉት፣ አንዱ ረድፍ ስስ፣ አንዱ ረድፍ ወፍራም የሆነው ዓይነት። ከጎኑ ነጭ የዶቃ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ አንዱን ወገን ሲስቡት ጨርቁ ይወጣል፣ ሌላውን ሲስቡት ይወርዳል። ቤቷ መንገድ ዳር ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ አውቶብስ ቆም ባለ ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ ሳሎኗን ያይባት ስለ ነበር አዲሱ መጋረጃ ትልቅ እፎይታ ሆነላት።

ሰንሰለቱ ግን ዐመል ነበረው። ጠንከር አድርገው ሲጎትቱት፣ ጫፍና ጫፉ የተገናኘባት ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ «ጠቅ» ብላ ለሁለት ትለያለች። ሰንሰለቱ ክብ መሆኑ ይቀርና እንደ ተበጠሰ መቁጠሪያ ይንጠለጠላል። መልሰው ሲጫኗት ትገጥማለች፤ ደግሞ ትለቃለች። ታላቋን ልጇን ያገባው አማቿ እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ነው። ቀጭን ሽቦ አመጣና ያችን ቁራጭ ሦስት ዙር ጠምጥሞ በፒንሳ አጠበቃት። ከዚያ ወዲህ ለቃ አታውቅም። አክስቴ ይህን በኩራት ነው ያሳየችኝ። «የዛሬ ዕቃ እኮ ጥንካሬ የለውም ልጀ» አለችኝ። «እሱ ባይኖር ጥለነው ነበር።»

ያች ቁራጭ አልተበላሸችም ነበር። ሥራዋ መልቀቅ ነው። አማቹን መውቀስ ግን አልችልም፤ ካርቶኑ ላይ ካለው የባዕድ ጽሑፍ በቀር ይህን የሚነግረው አንድ የአማርኛ ቃል አልነበረም። ሲጎትቱት የሚለቅ ነገር በኛ ቋንቋ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ «የተበላሸ»።

ስም ከማውጣታችን በፊት ዕቃውን እንይ። በመስኮት መጋረጃ ላይ የሚለያዩ ማያያዣዎች ሁለት ወገን ናቸው። በአንድ ከረጢት ባንከታቸው ይሻላል።

የመጀመሪያው ወገን ሰው ሲፈልግ የሚለየው ነው። ጥቅሙ የሚገባን ከድሮው መጋረጃ ስንነሣ ነው። በሁለት ሚስማር መካከል ሽቦ ወይም ሲባጎ ይወጠራል፤ የጨርቁ ላይኛ ጠርዝ ታጥፎ ይሰፋና ሽቦው በውስጡ ያልፋል። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ መጋረጃው ሲታጠብ ሽቦውን ለማውጣት ከሚስማሮቹ አንዱ መነቀል አለበት። ከጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር ነቅሎ መልሶ መትከል ምን እንደሚያስከትል ያየ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጭድ ያዘለው ጭቃ ጥቂት ይረግፋል። በሁለተኛው ቀዳዳው ይሰፋል። በሦስተኛው ሽብልቅ ወይም የታጠፈ ወረቀት ይወተፍበታል፤ በአራተኛው ሚስማሩ አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል። የአክስቴ መስኮት ግራና ቀኙ በእንዲህ ያለ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል፤ መጋረጃው ስንት በዓል እንደ ታጠበ ከዚያ መቁጠር ይቻላል። ቢቸናም ሞጣም በገባሁባቸው የጭቃ ቤቶች ይኸው ጠባሳ አለ።

ይህን ጣጣ መንጠቆ ያስቀረዋል። ግድግዳው ላይ የሚቀረው አናቱ ቀለበት የሆነ ብሎን ነው፤ ሽቦው ጫፉ ላይ መንጠቆ ይኖረዋል፤ ሲታጠብ መንጠቆው ከቀለበቱ ይወጣል፣ ግድግዳው አይነካም። የአክስቴ ጥቅልል መጋረጃም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፣ ነገሩ ረቀቅ አለ እንጂ። ከመስኮቱ በላይ ግራና ቀኝ ሁለት ደጋፊ ብረቶች በብሎን ታስረዋል፤ ሠራተኞቹ ብራኬት ይሏቸዋል። የጥቅልሉ አንደኛው ጫፍ ሰንሰለቱ የሚያዞረው መዘውር ነው። በሌላኛው ጫፍ ውስጡ ሞላ ያለበት አጭር እሾህ አለ። እሾሁን ወደ ውስጥ ሲጫኑት ሞላው ይሸሻል፣ ጥቅልሉም ከብራኬቱ ነፃ ይወጣል። ሲመልሱት ሞላው እሾሁን ገፍቶ ከቀዳዳው ያስገባዋል። ያለ መፍቻ፣ ያለ መዶሻ፣ በአንድ አውራ ጣት።

በየቢሮው ከላይ ወደ ታች የተንጠለጠሉት ረጃጅም የጨርቅ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው በአንዲት ጥፍር መሰል ፕላስቲክ ተነክሰው ነው የቆሙት። ቅጠሉን ገፋ አድርገው ሲያጣምሙት ከጥፍሯ ይወጣል፤ ታጥቦ ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ጎትቶ ይሰብራታል። የመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ እንደ ጎደለ ጥርስ የሚታየው ክፍተት ብዙውን ጊዜ የተሰበረች ጥፍር ነው።

ቬልክሮ ከዚሁ ወገን ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ደ ሜስትራል እ.ኤ.አ. በ1941 ከአደን ሲመለስ፣ ሱሪውና የውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቁትን የዱር ፍሬዎች በማጉያ መሣሪያ ተመለከተ፤ እሾሆቻቸው ጫፋቸው የተቆለመመ ጥቃቅን መንጠቆዎች ነበሩ። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1955 አገኘ። ስሙንም «ከፈይ» እና «መንጠቆ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት ቆርጦ ቀጠለው። ይህን ታሪክ ለአክስቴ ወረዳ ለማቻክል እረኛ ብትነግሩት ብዙም አይደነቅም፤ ጭጎጎት ከጋቢው ሲለቅም ነው ያደገው። ለእኔ ቢተውልኝ ቬልክሮ «ጭጎጎት ማያያዣ» ይባል ነበር። ግን ዘግይቻለሁ፤ ቃሉ በጫማ ገብቶ አገር ለምዶታል።

ሁለተኛው ወገን ሌላ ነገር ነው። እዚህ የሚለየው ሰው ስለ ፈለገ ሳይሆን ክብደት ስላረፈበት ነው። የአክስቴ ሰንሰለት ክብ ነው፣ ከሶፋው ጀርባ እስከ መደገፊያው ድረስ ወርዷል። የልጅ ልጇ አንድ ዓመት ተኩሉ ነው፤ ሶፋው ላይ ቆሞ አውቶብስ ማየት ይወዳል፤ እኔ በደረስሁ ዕለት ዶቃዎቹን እያኘከ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ አንገቱን በክቡ አስገብቶ ቢንሸራተት ሰንሰለቱ ሸምቀቆ ይሆንበታል። እግሩ ሶፋውን ቢነካ እንኳ የገዛ ክብደቱ ይበቃል። ነገሩ የሚያልቀው በደቂቃዎች ውስጥ፣ ያለ ድምፅ ነው፤ ጉሮሮው የታነቀ ልጅ መጮህ አይችልም። ጓዳ ቡና የምትቆላ እናት የምትሰማው ነገር የለም።

ይህ ከመጠን ያለፈ ሥጋት አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በአገሪቱ በየዓመቱ በአማካይ 9 ያህል፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት ያልበለጠ ሕፃናት በመስኮት መጋረጃ ገመድ ታንቀው እንደሚሞቱ ሲገልጽ ቆይቷል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ ሕፃን ሊደርስበት የሚችል የመጋረጃ ገመድ ከ22 ሴንቲ ሜትር እንዳይረዝም ደንግጋለች፤ ክቡን ከነጭራሹ ለማስቀረት እንደ ማለት ነው። የአውሮፓ የጥራት ደረጃ ደግሞ እንዲህ ያለውን የመልቀቂያ ቁራጭ በሚዛን ይፈትነዋል፤ 6 ኪሎ ሲንጠለጠልበት በ5 ሰከንድ ውስጥ መለያየት አለበት። 6 ኪሎ ስንት ነው? የ20 ሊትር ጀሪካን ሲሶ ውኃ እንኳ አይሞላም። መጋረጃ ለማውጣትና ለማውረድ ይህን ያህል ጉልበት አያስፈልግም፤ ስለዚህ በደኅና ቀን ቁራጯ ትይዛለች። የምትለቀው አክስቴ እንደ ውኃ ጉድጓድ ገመድ ስትጎትታት ነው፣ ወይም ሕፃን ሲንጠለጠልባት።

አማቹ በሽቦ የጠመጠማት ይህችን ነው።

እንግዲህ ወደ ቃሉ። ዋናው ዕቃ ራሱ በስም ዕድለኛ ነው። እንግሊዝኛው «ብላይንድ» ቃል በቃል ቢመለስ «ዕውር» ይሆን ነበር፤ ደግነቱ ማንም አልሞከረውም። «መጋረጃ» ከ«ጋረደ» የወጣ፣ ከፀሐይ ግርዶሽ ጋር አንድ ቤት ያደገ ቃል ነው፤ ጨርቅም ሆነ ስንጥር፣ ጥቅልልም ሆነ ቅጠል የሚጋርድ ሁሉ መጋረጃ ነው። የቤተ መቅደሱ መንጦላዕት ብቻ የራሱን ስም ይዞ ቀርቷል። ችግር ያለው የሚለያየው ማያያዣ ላይ ነው።

«ተገንጣይ» ገና ከመጠራቱ ፖለቲካ ውስጥ ይዘፈቃል፤ ስለ መጋረጃ እያወራችሁ እንደሆነ በዚህ አገር ማን ይሰማችኋል። «ተነጣይ» ብቻውን የቀረ በግ ያስመስላል። «ወላቂ» ለአፍ ቅርብ ነው፤ ሁላችንም «ክዳኑ ይወልቃል» እንላለን፤ ግን «ወላቃ» የሚለው ዘመዱ ወዲያው ይከተለዋል፣ ያ ደግሞ እየተነቃነቀ የሚያስቸግር ዕቃ ስም ነው። ከዚያም አማቹ ሽቦውን ይዞ ይመጣል።

«ተፈቺ» የሚለው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆይቻለሁ። የማቻክል ገበሬ ጠዋት በሬ ይጠምዳል፣ ማታ ይፈታል፤ ማያያዝና መለየት ለእሱ የዕለት ሥራ ናቸው። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር ምራን ይባላል፤ ከቀንበሩ ላይ ወርደው የበሬውን አንገት ግራና ቀኝ የሚይዙት እንጨቶች ማነቆ ይባላሉ። ከ«አነቀ» የወጣ፣ ምንም ያልሸሸገ ስም ነው፤ የመጋረጃ ሰንሰለት ሻጮች ይህን ያህል ግልጽ ቢሆኑ ምን ነበረበት። ሥራ ሲያልቅ ምራኑ ይፈታል፣ በሬው ከማነቆው ይወጣል፣ ሞፈርና ቀንበር ለየብቻ በትከሻ ወደ ቤት ይሄዳሉ። እውነተኛ የሚለያይ ማያያዣ ማለት ይህ ነው። ሆኖም «ተፈቺ» ቋጠሮ ይፈልጋል፤ የፕላስቲክ ቁራጭ ቋጠሮ የላትም። ከዚህም ሌላ ከተማ ውስጥ ተፈቺ ሲባል ሰው የሚያስበው እስረኛን ወይም ትዳርን ነው።

የቀሩት «ተነቃይ» እና «ተላቃቂ» ናቸው። መጀመሪያ አንዱን መርጬ ሌላውን ልጥል ነበር። ኋላ ግን ሁለቱ የሚለያዩት እኔ በፈለግሁበት ቦታ መሆኑን አየሁ። «ተነቀለ» ሲባል ጆሮ ነቃዩን ይጠይቃል። ጥርስ ራሱን አይነቅልም፤ ሚስማርም እንደዚሁ። ከጀርባው ሁልጊዜ እጅ አለ። «ተላቀቀ» ሲባል ግን ማንም ላይኖር ይችላል። ላሟ ከገመዷ ተላቀቀች ቢባል ማን ፈታት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስባ፣ ታግላ፣ ክብደቷን ጥላ ነው። ልጆች ሆነን ከብት ስንጠብቅ ገመዱን እጃችን ላይ እንዳንጠመጥም ይከለክሉን ነበር። ያዙት እንጂ አትጠምጥሙት ይሉናል። ላም ስትበረግግ የያዘ መዳፍ ይከፈታል፤ የተጠመጠመ ገመድ ግን ልጁን አንጠልጥሎ ገደል ይገባል። ያ የሚከፈት መዳፍ ነው እንግዲህ አሁን በፕላስቲክ የተሠራው።

ስለዚህ እኔ እንዲህ እላለሁ። በእጅ የሚወጣውና የሚመለሰው፣ መንጠቆውም ብራኬቱም ጥፍሩም፣ ተነቃይ ማያያዣ ይባል። ክብደት ሲያርፍበት ራሱ የሚለየው ተላቃቂ ማገናኛ ይባል። «ማገናኛ» ያልሁት ሁለት ጫፍ ስለሚያገናኝ ነው፤ «ማያያዣ» ብንለው ከመጀመሪያው ወገን ጋር ይምታታል። ቃሉ ከመጋረጃም አልፎ ይሄዳል፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የመታወቂያ ማሰሪያ ከኋላው የምትለቅ ቁራጭ ካለችው እሷም ተላቃቂ ማገናኛ ናት፤ ማሰሪያው በሚሽከረከር ማሽን ቢያዝ ባለቤቱን የምታተርፈው እሷ ናት።

አክስቴ ቤት የቀረውን ልንገራችሁ። የካርቶኑን ትራፊ ስጠይቃት የስፌት ቆርቆሮዋን አመጣች። ከመርፌና ከክር መካከል ሁለት ብሎን ያላት፣ ማንም ምን እንደሆነች ያላወቃት የፕላስቲክ ጉጥ ተቀምጣለች። ሰንሰለቱን ከታች ግድግዳው ላይ ወጥራ የምትይዝ ናት፤ ሰንሰለት ከተወጠረ አንገት የሚገባበት ክፍተት አይኖረውም። አማቹ እሷን ሲያስር እኔ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥሁ። ሶፋውንም ተጋግዘን ወደ ማዶው ግድግዳ ገፋነው፤ ሕፃኑ አውቶብሱ ስለ ተወሰደበት አለቀሰ። ከዚያ አማቹን ሰንሰለቱን በሙሉ እጅህ ሳበው አልሁት። ጠቅ።

«ይኸውና! መልሰህ አበላሸኸው» አለች አክስቴ።

«ተላቃቂ ነው እትዬ። እንዲለቅ ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ተላቃቂ» ብላ ቃሉን አንድ ጊዜ አኘከችውና ቀና ብላ መጋረጃውን አየች። «እሽ ይሁን። ሲላቀቅ ማን ይገጥመዋል? እኔ እንደሁ እጀ አይደርስ።»

አማቹ በርጩማ ላይ ወጥቶ ሞከረ። በሁለተኛው ገጠመለት።