የመቅደላ ዘመቻና የኪራይ መርከቦች

ስለ መቅደላ ሲወራ ሁላችንም ቀድመን የምናነሣው ሽጉጡን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ፤ ይህ የሚረሳ አይደለም። ለመሆኑ ግን የጄኔራል ናፒየር ጦር ከሕንድ ተነሥቶ እንዴት እዚያ ደረሰ? በኪራይ መርከብ! እንግሊዞች የንግድ መርከቦችን ተከራይተው 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ 44 ዝሆኖች፣ በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎች፣ የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ዙላ ላይ አራገፉ። በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ያልቃል የተባለው ዘመቻ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ፤ የመርከብ ኪራዩም ከታላላቆቹ ወጪዎች አንዱ ነበር።

በዚያው ጊዜ ንጉሡ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ገደል እያስናዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጀባቸው። ገመዱን የሚጎትተው የሰው ትከሻ ነበር። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ በጎጃም መንገድ የሚመላለሱት የጭነት መኪኖች እንጦጦን ሲወጡ ሲያቃስቱ ስሰማ ያ ትከሻ ይታሰበኛል።

ጀግንነትን በፉከራና በቀረርቶ ስናወርስ ኖረናል። ጓዝና ስንቅ እንዴት እንደሚጓጓዝ ለልጆቻችን የምንነግር ግን ስንቶቻችን ነን? ነገሩ ለቴዎድሮስ ገብቷቸው ነበር፤ ድንጋይ በገዛ እጃቸው እያነሡ መንገድ ይሠሩ የነበሩ ንጉሥ ናቸው። ከሽጉጣቸው ጋር ይህንንም እናውሳላቸው።